«ምልክት» የሚለውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ከማሻገራችሁ በፊት

ዘጌ ላይ ነው ያፈርኩት። ከባሕር ዳር በጀልባ እንግዶች ይዤ ሄጄ ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመናል። አንዲት እንግዳ ቀና ብላ ጉልላቱን አየችና መስቀሉ ላይ የተሰኩት ነጫጭ ድቡልቡል ነገሮች ምንድን ናቸው አለችኝ። የሰጎን እንቁላል ናቸው አልኳት። እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ? ምልክት ናቸው ልላት ፈለግሁ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ ግን «ሲግናል» ነበር። ሴትዮዋ ሐይቁን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ለማን?» አለችኝ። የምሯን ነው። ከሐይቁ ማዶ የሆነ ሰው እንቁላሎቹን አይቶ ታንኳውን የሚያስነሣ ሳይመስላት አልቀረም።

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ደብተር ከፈትሁና ምልክት የሚል ቃል ያለበትን ነገር ሁሉ መጻፍ ጀመርሁ። የመንገድ ምልክት፣ የበሽታ ምልክት፣ የመደመር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ የዝናብ ምልክት፣ የማዕረግ ምልክት፣ የፍቅር ምልክት፣ የንግድ ምልክት። ስምንቱን ወደ እንግሊዝኛ ስወስዳቸው ቢያንስ አምስት የተለያየ ቃል ጠየቁኝ።

ምልክት ጆንያ ነው። ጤፉም ኑጉም በቆሎውም አብሮ ይገባበታል። እርስ በርስ ስናወራ አንቸገርም፣ ሰሚው ከወሬው አካሄድ ይለየዋል። እንግሊዝኛ ግን እህሉን ለየብቻ ነው የሚሰፍረው። መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ «ሳይን፦ ምልክት፣ ሲምቦል፦ ምልክት፣ ማርክ፦ ምልክት» የሚል ብታገኙ ምንም አልጠቀማችሁም። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው አትጀምሩ፣ ከአማርኛው ጀምሩ። እኔ አሁን የምሠራው እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ጆንያውን አራግፉ

«ምልክት» የሚለውን ከአረፍተ ነገሩ አውጡና ሌላ የአማርኛ ቃል አስገቡበት። መንገድ ላይ ያለው ሰው ይህን ሥራ ከጨረሰው ቆይቷል። ሹፌር «የመታጠፊያ ምልክት አሳይ» አይልም፣ «ፍሬቻ አሳይ» ነው የሚለው። ባለሱቅ ከበሩ በላይ የሚሰቅለው ታፔላ ነው። ጉዳይ ለማስፈጸም ስትሄዱ የሚጠይቋችሁ ማኅተምና ቲተር ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅ ነው። እግር ያለፈበት ዱካ አለ፣ ሌባ የሚያስይዝ ፍንጭ አለ፣ ቁስል የተወው ጠባሳ አለ፣ በዓይን የሚላክ ጥቅሻ አለ፣ አያቶቻችንን ከመንገድ የሚመልሳቸው ምልኪ አለ።

ከእነዚህ አንዱ ልክ ከገባላችሁ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። ፍሬቻ ሲግናል ነው። ታፔላ ሳይን ነው። ዱካ ትሬስ ወይም ትራክ፣ ፍንጭ ክሉ፣ ምልኪ ኦመን። የትኛውም ቃል እምቢ ብሎ «ምልክት» ብቻ ከቀረ ወደሚቀጥለው እለፉ።

2. «ማን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ

ማንም ሆን ብሎ ካላደረገው፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ የሆነ ከሆነ፣ ሳይን ነው። ይህን በአደይ አበባ ላሳያችሁ።

መስከረም ሲጠባ የጮቄ ግርጌ ቢጫ ይለብሳል። አደይ ለማንም ልትናገር ብላ አልፈካችም፤ ክረምቱ እየወጣ ስለሆነ፣ ጊዜዋ ስለደረሰ ፈካች። ለገበሬው እንግዲህ የክረምቱ መውጣት ሳይን ናት። አሁን ያችኑ አበባ የእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ ሳሏት። ካርዱን ኅዳር ላይ ከመሳቢያ ብታወጡት፣ ሚያዝያ ላይ ብታወጡት፣ አዲስ ዓመትን ያስታውሳችኋል እንጂ ክረምት ወጣ ብሎ የሚያስብ የለም። ካርዱ ላይ ሲምቦል ሆናለች። አበባዋ አንድ ናት፣ ቃሉ ሁለት። ሳይን ነገሩ እንዳለ ወይም እየመጣ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ሲምቦል ነገሩ በቦታው ባይኖርም ይወክለዋል። ይህችን ካልያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይምታታባችኋል።

«ታፔላም እኮ ሳይን ነው ብለሃል፣ እሱን ሰው አይደል የሚተክለው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ታፔላውም ያው ነው የሚሠራው፤ እዚህ ፋርማሲ አለ፣ ፊት ለፊት ኩርባ አለ ይላል። ያለን ነገር ነው የሚናገረው።

በራሱ የመጣው ነገር በሽታ ከሆነ ደግሞ ሌላ መለያ አለ። ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት የመጣ ሰው ጤና ጣቢያ ገብቶ «ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል» ካለ ይህ ሲምፕተም ነው፤ የሚሰማው እሱ ነው፣ ሌላው ሰው ከአፉ ካልሰማ አያውቀውም። ነርሷ ሙቀቱን ለክታ 39 ካነበበች ግን ሳይን ነው፣ ያየችውና የለካችው እሷ ናት። በወሬ መሃል ሁለቱንም ሲምፕተም ብትሏቸው ማንም አይቆጣም። የሕክምና ወረቀት ስትተረጉሙ ግን አደራ። ከሕክምና ውጭ ደግሞ ሲምፕተም የሚባለው ለክፉ ነገር ብቻ ነው። ስለ ማኅበሩ ስብሰባ መድመቅ ስትጽፉ «የጥሩ አመራር ሲምፕተም» ካላችሁ ማኅበሩን አሳመማችሁት።

3. «አሁን የሆነ ነገር አድርግ ይለኛል?»

አዎ ከሆነ ሲግናል ነው። ሲግናል ላኪ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ሰዓት አለው። ቄሱ ደወል ሲደውሉ፣ እረኛው ሲያፏጭ፣ ረዳቱ የታክሲውን በር ደብደብ ሲያደርግ ተቀባዩ ይነሣል፣ ይመለሳል፣ ይቆማል። የዘጌዋ እንግዳ «ለማን?» ማለቷ ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ሲግናል ካልሁ ተቀባዩን ማሳየት ነበረብኝ።

መንገድ ላይ ደግሞ ልዩነቱ በሕግ ጭምር የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ስምምነት ከርዕሱ ጀምሮ ሳይንና ሲግናልን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። ደጀንን አልፋችሁ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ጠመዝማዛ መኖሩን የሚነግራችሁ ታፔላ ሳይን ነው። ከተማ ውስጥ የሚያስቆማችሁ ቀይ መብራት ሲግናል ነው። አስፋልቱ ላይ የተቀባው ነጭ መስመር ደግሞ ማርኪንግ ይባላል። በአማርኛ ሦስቱንም «የመንገድ ምልክት» ብለን እናልፋለን፣ ከዚያ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ እንደናገራለን።

ጠላ ቤት እንሂድ። አጥሩ ላይ እንጨት ቆሞ፣ እንጨቱ ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ታያላችሁ። ጣሳው ሳይን ነው፣ እዚህ ቤት ጠላ ይሸጣል ይላል፣ ታፔላ ማለት ነው ባጭሩ። እኔ ሰፈር ያሉት እናት ግን ጠላው ሲደርስ ሰቅለው ሲያልቅ ያወርዱታል። ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች ጣሳው ሲወጣ አይተው ጋቢያቸውን አነሣ ያደርጋሉ። ያቺ ጣሳውን የመስቀል ድርጊት፣ ያቺ ቅጽበት፣ ሲግናል ናት።

4. ሲምቦልን ቀስ ብላችሁ ያዙት

ቃሉ ከግሪክ ነው የመጣው፣ «አብሮ መጣል፣ አንድ ላይ ማድረግ» ከሚል። ጥንት ግሪኮች አንድ ዕቃ ለሁለት ሰብረው ግማሽ ግማሹን ይይዙ ነበር፤ በኋላ ስብራቱ ከገጠመ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ። ሲምቦል እንግዲህ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እናንተ ውስጥ ነው ያለው፣ በትምህርት ወይም በእምነት ወይም በባህል የተቀበላችሁት። ለዚህ ነው የሰጎን እንቁላሉን እንግዳዋ አይታ ያልገባት። ግማሹ አልነበራትም። የሚነገረው ትርጓሜ ሰጎን ዓይኗን ከእንቁላሏ ላይ አትነቅልም፣ እግዚአብሔርም እንዲሁ ዓይኑን ከሰው ላይ አያነሣም የሚል ነው። ይህን ስነግራት ወዲያው ገጠመላት፤ «አ፣ ሲምቦል!» አለች ራሷ።

ቅኔ ለቆጠረ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እነ ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን፣ የቅኔ ቤቶቹን፣ ያፈራ አገር ሰው ሰምና ወርቅ ሲባል ጆሮው ይቆማል። ግን ወንድሜ፣ አትቸኩል፤ ሲምቦልና ሰም አንድ አይደሉም። አንጥረኛው ጋ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ የሚቀረው ወርቁ ነው። ሲምቦል ላይ የሚቀልጥ ነገር የለም። እንቁላሉ እንቁላል ሆኖ ጉልላቱ ላይ ይቀመጣል፣ ትርጉሙም አብሮት ይቀመጣል። ይህ የራሴ አስተያየት ነው፣ የኔታ ቢሰሙኝ ሊገሥጹኝ ይችላሉ።

የቋንቋ ተማሪዎች አንድ ወጥመድ አለባችሁ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ሳንደርስ ፐርስ (1839–1914 እ.ኤ.አ.) ሲምቦል የሚለው በስምምነት ብቻ የቆመውን ነው፣ ለምሳሌ ቃላትን። የስዊዘርላንዱ ፈርዲናንድ ደ ሶሲር ደግሞ ቃልን ሳይን ይለዋል፤ ሲምቦል ለሱ ከሚወክለው ነገር ጋር ትንሽም ቢሆን ዝምድና ያለው ነው፣ እንደ ፍትሕ ሚዛን። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። ፈተና ላይ የማን ሲምቦል እንደተጠየቃችሁ እዩ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሎጂክ የለውም፣ በቃል መያዝ ነው። የመደመርና የእኩል ይሆናል ምልክት ሳይን ናቸው። የጥያቄና የቃለ አጋኖ ምልክት ማርክ ናቸው። ኬሚስትሪ ላይ የወርቅ ወይም የብረት ምልክት ሲምቦል ነው። ኮከብ ቆጠራ ላይ ያለው ሳይን ነው። ሀብቱን ለማሳየት የሚገዛው መኪና ስታተስ ሲምቦል ነው። ለምን ብላችሁ አትድከሙ። እግረ መንገዴን፣ ደብተር ላይ የምናደርገውን «ራይት» እንግሊዞቹ ቲክ፣ አሜሪካኖቹ ቼክ ማርክ ነው የሚሉት። ቅጽ ላይ «ራይት አድርጉ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ብትጽፉ የሚገባው ሰው የለም።

5. «የት ላይ ነው ያለው?»

ላዩ ላይ ያረፈ፣ የተቀረጸ፣ የተቃጠለ፣ የተቆረጠ ከሆነ ማርክ ነው። ላሟ ጠፍታ ብትገኝ የማን መሆኗን ለማወቅ ጆሮዋ ላይ የሚደረገው ቅድ ማርክ ነው። ቃሉ በድሮው እንግሊዝኛ ድንበር ማለትም ነበር። ላንድማርክም መጀመሪያ የማሳ ድንበር ድንጋይ ነው፤ ዛሬ ሰው «ከትልቁ ዋርካ ጋ ታጠፍ» ብሎ አቅጣጫ የሚያሳይበትም ሁሉ ላንድማርክ ሆኗል። ሰነድ ለምትተረጉሙ ደግሞ፣ መፈረም የማይችል ሰው በብዕር የሚያደርገው የመስቀል ጭረት ማርክ ሲሆን የአውራ ጣት አሻራ ግን ተምፕሪንት ነው።

ማርክና ሲምቦል አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ያየሁት ዳንግላ ገበያ ነው። ቅቤ የሚሸጡ እናት፣ አንገታቸው ዙሪያውን ተነቅሷል፣ መስመር በመስመር፣ አረንጓዴው ደብዝዞ። አብሮኝ ያለው እንግዳ ምን ማለት ነው አለኝ። እኔም ቶሎ ብዬ «የክርስትና ሲምቦል» አልሁት። እናትየው ቅል ውስጥ ያለውን ቅቤ በቅጠል እየሸፈኑ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን አልኸው ልጄ?»

«የክርስትና ምልክት ነው አልሁት፣ እማማ።»

«ኧረ ወዲያ! ይኸማ ለጌጥ ነው፣ ልጅ ሆኜ። የክርስትናው ይኸውልህ» አሉና ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸው ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል በጣታቸው ነኩ።

አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት ነው፣ ማርክ ነው፣ ምንም አይወክልም። ግንባራቸው ላይ ያለችው ንቅሳትም ናት፣ ሲምቦልም ናት። ባለቤቱን ሳትጠይቁ ሲምቦል አትበሉ።

ልብስ ላይ የሚደረግ ከሆነ ባጅ ነው፤ የወታደርና የፖሊስ ማዕረግ ከሆነ ኢንሲግኒያ። ተስሎ ወይም ተነድፎ አገርን፣ ድርጅትን፣ ወገንን የሚወክል ከሆነ ኤምብለም ነው፣ የእኛ «ዓርማ»። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይ ሰንደቅ ዓላማው መሃል የሚቀመጠውን ብሔራዊ ዓርማ የእንግሊዝኛው ቅጂ ኤምብለም ነው የሚለው። ቀይ መስቀልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1864ቱ የጄኔቫ ስምምነት የመጣው መስቀል፣ በኋላ የተጨመረው ጨረቃ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጨመረው ክሪስታል፣ ሁሉም በሕግ ቋንቋ ኤምብለም ናቸው። በጦርነት ጊዜ አምቡላንስን እንዳትመቱ የሚል ጥበቃ ስላላቸው ሎጎ ብሎ መጥራት ማሳነስ ነው። ሎጎ የባንክና የቢራ ነው። አንበሳ በቃልም በተረትም የንግሥና ሲምቦል ሊሆን ይችላል፤ ባንዲራ ላይ ሲሳል ነው ኤምብለም የሚሆነው።

ክቡ ማኅተም በእንግሊዝኛ ሲል ነው («አለ ሲል ሰማሁ» የምንለው እንዳይመስላችሁ)፣ ቲተሩ ስታምፕ ነው። የልደት የምስክር ወረቀት ስትተረጉሙ ሁለቱንም ስታምፕ ካላችሁ ወረቀቱ ተመልሶ ሊመጣባችሁ ይችላል። አንዴ ደርሶብኛል፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በሳምንቱ መጨረሻ።

አስጎብኚዎች ደግሞ ይህችን ስሙ። አይከን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ሥዕለ አድኅኖ ነው፣ ሰሌዳ ላይ የተሣለ። የጣና ገዳማት ግድግዳ ላይ የምታዩት ሙራል ነው። «ግድግዳው ሙሉ አይከን ነው» ስትሉ ሥነ ጥበብ የተማረ እንግዳ ካለ በልቡ ይታዘባችኋል።

6. የቀሩት

ቶክን ትንሽ ነገር ሆኖ ትልቅ ስሜት የሚሸከም ነው። መምህራችሁ ሲሸኙ ጋቢ ስታለብሷቸው «ለአክብሮታችን መግለጫ» የምትሉት ቶክን ነው። ግን ይህ ቃል ሁለተኛ ፊት አለው፣ «ለይስሙላ» የምንለው። ኮሚቴ ውስጥ ሴት አለች ለመባል ብቻ አንዲት ሴት ከገባች እንግሊዝኛው እሷንም ቶክን ይላታል፣ ይህ ስድብ ነው። የምስጋና ደብዳቤ ላይ ቶክን ስትጽፉ ሙሉ ሐረጉን ጻፉት፣ የምን መግለጫ እንደሆነ አስከትሉ።

ኦመን ምልኪ ነው፤ ደግም ክፉም ይሆናል። ቅጽሉ ኦሚነስ ግን ክፉ ብቻ ነው። አያቴ ለጉዞ ወጥተው ባዶ እንስራ የያዘ ሰው ካገኙ በዚያው ይመለሱ ነበር፣ ለእሳቸው ኦመን ማለት ነው። የልጅ ልጃቸው እኔ ደግሞ ባዶ እንስራ ሳይ ቧንቧው ዛሬም አልመጣም እላለሁ። ለእኔ ሳይን ነው።

ሂንትና ክሉም ይምታታሉ። ሂንት ሰው ሆን ብሎ ነካ አድርጎ የሚተውላችሁ ነው። ክሉ እናንተ ፈልጋችሁ የምታገኙት ነው።

7. ራሳችሁን በመጽሐፍ ቅዱስ ፈትኑ

ከሁሉም የሚሻለው መልመጃ ይህ ነው፣ ደግሞም ነፃ ነው። አማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስና እ.ኤ.አ. በ1611 የወጣውን የእንግሊዞቹን የኪንግ ጀምስ ትርጉም ጎን ለጎን ክፈቱ። ዘፍጥረት 4፥15 ላይ ቃየንን ያገኘው እንዳይገድለው ምልክት ተደረገለት ይላል፤ እንግሊዝኛው ማርክ ነው፣ እሱ ላይ ያረፈ ነገር ስለሆነ። ዘፍጥረት 9 ላይ ቀስተ ደመናው የቃል ኪዳን ምልክት ነው፤ ኪንግ ጀምስ ቶክን ይለዋል፣ አዳዲሶቹ ትርጉሞች ግን ሳይን ይሉታል። እዚያ ላይ ቆም በሉና ለምን እንደተለወጠ አስቡ፤ ቶክን ዛሬ ትንሽ ዕቃ፣ ለይስሙላ የሚል ጥላ አጥልቶበታል፣ ለቀስተ ደመና አነሰ። ዮሐንስ 2፥11 ላይ የቃና ዘገሊላው ነገር የምልክቶች መጀመሪያ ተብሏል፤ ኪንግ ጀምስ ተአምር የሚለውን ቃል ነው የመረጠው፣ አዳዲሶቹ ሳይን ብለዋል። ራእይ 13፥16 ላይ ቀኝ እጅ ወይም ግንባር ላይ የሚደረገው ምልክት ማርክ ነው። የአማርኛው ጆንያ በአራቱም ቦታ ያው ነው።

ለመሰናበቻ አንድ ልስጣችሁ። ማተብ ምንድን ነው? ጨቅላው ሲጠመቅ አንገቱ ላይ ይታሰራል። ገበያ ላይ የማያውቃችሁ ሰው አይቶት ክርስቲያን ናችሁ ብሎ ያውቃል። ሽማግሌ ደግሞ «ማተብ የለህም እንዴ?» ብሎ ሲቆጣ ስለ ክሩ አይደለም የሚያወራው። ሳይን ነው ያለ አለ፣ ባጅ ነው ያለ አለ፣ ሲምቦል ነው ያለ አለ። እኔ የገበያውን ሳይን፣ የሽማግሌውን ሲምቦል ነው የምለው። ባጅ ነው ካለው ጓደኛዬ ጋር ግን እስካሁን አልተስማማንም።